«ደህና ነኝ» መጻፍ የተከለከለበት ደብተር

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የሰፈራችንን ኮሮኮንች መንገድ የሚጋሩት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ውሾች፣ ወደ መስጊድና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመሩ ሰዎች፣ እና እኛ። ውሾቹ ለምደውናል። ሰዎቹም ለምደውናል፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን «ምን ተሰርቆባቸው ነው?» በሚል ዓይነት ቆመው ያዩን ነበር።

እኛ ዘጠኝ ነን። ሁላችንም ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከዓለም ባንክ እስከ ቤተል ባለው መሃል እንኖራለን። ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሯጭ አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነው የምንላቸው። አንዲት ነርስ፣ አንድ ባለሱቅ፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ሁለት ተማሪ እህትማማቾች፣ ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ አስራ ሁላችንንም ጥላን የምትሄድ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሯጭ ለመሆን ከሰላሌ የመጣ የ19 ዓመት ወጣት፣ ከዚያ እኔ። የ42 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናትና የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ፈጣን አይደለሁም። ከኋላ ሁለተኛ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሹፌሩ ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል።

ስለ ሩጫችን የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም። የሚጻፈው ስለ ደብተራችን ነው።

ደብተሩ ተራ ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ነው። በባለሱቁ ሱቅ ውስጥ ምስማር ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ እስክሪብቶውም አብሮ ታስሯል (ሦስት ከጠፉ በኋላ ነው የታሰረው)። ሮጠን ስንጨርስ እዚያው በር ላይ ሻይ እየጠጣን እያንዳንዳችን አንድ መስመር እንሞላለን። ስንት ኪሎ ሜትር ሮጥን፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛን፣ ትናንት ማታ ምን በላን፣ ጠዋት ከአልጋ ሳንነሳ የልብ ምታችን በደቂቃ ስንት ነበር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የት ያመናል። የሌላውን መስመር ማንበብ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

የመጨረሻው ዓምድ አስቸጋሪው ነው። እዚያ ላይ «ደህና» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። የማያም ከሆነ «ምንም አያመኝም» ይባላል፤ ካመመ ቦታው ይጻፋል። ይህ ሕግ የወጣው በእኔ ምክንያት ነው።

እኛ አበሾች «እንዴት አደርሽ?» ስንባል መልሱ አፋችን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።» ትኩሳት ቢኖርም ደህና፣ ቤት ኪራይ ባይከፈልም ደህና። እኔ ይህን ሰላምታ አልጠላውም፤ ጨዋነት አለበት። ሰውን በጠዋቱ በችግር አለመጫን ነው። ግን አጥንት ጨዋነት አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ለታላቁ ሩጫ ተመዘገብን። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየኅዳሩ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ ካናቴራው ብቻውን የበዓል ልብስ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የግራ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ፣ ከዚያ ደረጃ ስወጣ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም። ደብተሩ ላይ በየቀኑ «ደህና» እያልኩ ጻፍኩ። ምክንያቱን ዛሬ ሳስበው አንድ አይደለም። ካናቴራውን ገዝቻለሁ። እረፊ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ግን በቀን ውስጥ የእኔ የምለው ያ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ ያለው ለልጆች ቁርስ፣ ለተማሪዎቼ፣ ለባሌ፣ ለምስር ወጡ ነው። ያቺን ሰዓት ማጣት አልፈለግኩም።

በድብቅ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። በቅቤ ጨምቆ አሸልኝ፤ ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኅዳር ላይ ሮጥኩ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰው ከበሮ እየመታ ሲጨፍር እኔ እግሬን እየጎተትኩ አለቅስ ነበር። ጨረስኩ ግን። ፎቶ አለኝ፤ ፎቶው ላይ እስቃለሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ባሌ እያነከስኩ አይቶ ክሊኒክ ወሰደኝ። ራጁ ምንም አላሳየም። ሐኪሙ በአንድ ጣቱ ቅልጥሜን ከላይ ወደ ታች እየተጫነ ወረደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ጮህኩ። «አጥንትሽ ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ እንዲህ ዓይነቱ ስንጥቅ መጀመሪያ ሰሞን ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም» አለና ኤምአርአይ አዘዘ። ልክ ነበር። ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። ስንሮጥ በጥቂቱ ይጎዳል፤ ስናርፍ ራሱን ይጠግናል፤ ከበፊቱም ይጠነክራል። ጥገናው ሳያልቅ ደግመን ደጋግመን ከጫንነው ግን ጉዳቱ ይጠራቀምና ስንጥቅ ይሆናል።

ቀጥሎ «ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስምንት ሳምንት።»

ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዞሮ አየኝ እንጂ አልተናገረም። ታክሲ ውስጥ አየር ጤና ስንደርስ ነው አፉን የከፈተው። «ለሩጫ ጓደኞችሽ አልነገርሽም፤ እሺ። ለእኔስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ የባሰው ደግሞ በዚያው ወር መጣ። የ11 ዓመት ሴት ልጄ ጉንጯ አብጦ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ጥርሷን ሦስት ቀን አሟት ኖሯል። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ደህና ነኝ ብዬ ነዋ!» አለችኝ። ከማን እንደተማረችው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ስምንት ሳምንት አልሮጥኩም። ጋሼ ግን ከደብተሩ እንድወጣ አልፈቀዱልኝም። «እረፍት ከልምምዱ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ጻፊ» አሉኝ። ስለዚህ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በልጄ እጅ እየላክሁ፣ «0 ኪሎ ሜትር፣ እንቅልፍ 7 ሰዓት፣ ቅልጥም ሲነካ ያማል» እያልኩ አስሞላሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይዘው ቤቴ ይመጡ ነበር። ነርሷ ጣቷን ቅልጥሜ ላይ ታሳርፍና ፊቴን ታያለች እንጂ አፌን አትሰማም።

ጋሼ ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ የሜክሲኮን ነገር አነሱ። ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ወሬውን የሰሙት በጎረቤት ሬዲዮ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፎ፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ደግሞ ደግሟል። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ ግን እግሩ ታሞ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋርጦ ወጣ። ወርቁን የወሰደው አብሮት የተሰለፈው ማሞ ወልዴ ነው። «አበበ የሚያህል ሰው መንገድ ዳር ቆሟል። አንቺ ማን ነሽና ነው የማታቆሚው?» አሉኝ ጋሼ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ትንሽ አፈርኩ።

ባለሱቁ ወዲያው የፓሪሱን ጨመረበት። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ቦታው የሲሳይ ለማ ነበር፤ ሲሳይ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው። ጉዳት ሲገጥመው ቦታውን ለታምራት ለቀቀ። ታምራትም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ። ሁላችንም የምናስታውሰው ወርቁን ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነገር ነው፤ አንድ ሰው የኦሊምፒክ ቲኬት ኪሱ ውስጥ እያለ «ሰውነቴ እምቢ ብሏል» ማለቱ። እኔ ያንን ለአንድ ካናቴራ ስል ማለት አቅቶኝ ነበር።

ትልልቆቹ ሯጮች ይህን ነገር ከእኛ በፊት ያወቁት ይመስለኛል። እንጦጦ ባህር ዛፍ ውስጥ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ ያየ ሰው ብቻውን የሚሮጥ ብዙ አያገኝም። ተከታትለው፣ አንዱ የፊተኛውን እግር እያየ፣ በአንድ ረድፍ ነው የሚሄዱት። ማይክል ክራውሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚና ሯጭ፣ እዚህ አዲስ አበባ ከአንድ ዓመት በላይ ከሯጮች ጋር እየኖረ አብሯቸው ሮጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። እሱም ብቻውን የሚለማመድ ሯጭ እንደ ነውረኛ እንደሚታይ ጽፏል። አብረው ይሮጣሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያርፋሉ። ዋናው ቃላቸው «ኮንዲሽን» ነው፤ «ኮንዲሽንህ እንዴት ነው?» ይባባላሉ። ይህ ጥያቄ ከ«እንዴት አደርክ» ይለያል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ወደ ሰላሌው ልጅ ልመለስ፤ ደብተሩ ከእኔ ቅልጥም በላይ የሠራው ለእሱ ነውና።

ልጁ ጠዋት ከእኛ ጋር ቀላል ሩጫ ይሮጣል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር ዳገት ይሠራል። ቀን የሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ ይሸከማል። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነርሷ ደብተሩን ስታገላብጥ የልብ ምቱ አሥር ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ46 ወደ 60 መውጣቱን አየች። የጠዋት የልብ ምት ለቀናት ከልማዱ ከፍ ካለ ሰውነቱ አላገገመም ወይም ሕመም እየመጣ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የምግቡ ዓምድ ላይ ደግሞ ሁሌም «በልቻለሁ» ብቻ ነው የሚለው። ምን እንደበላ የለም።

«ደህና ነህ?» ብዬ ስጠይቀው «ደህና ነኝ፣ እትዬ» አለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ።

እዚህ ላይ ጋሼ በጣም ተጠነቀቁ። ልጁን ነጥለን ብንጠይቀው ይሉኝታ ይዞት ከነጭራሹ ይቀር ነበር። ስለዚህ በወር የምናዋጣው ገንዘብ ተወስኖ፣ ከሩጫ በኋላ የሁላችንም ቁርስ ሱቁ በር ላይ ሆነ፤ በሶ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝ። ሹፌሩ «እኔ ውፍረት ልቀንስ ነው የመጣሁት» ብሎ ተቃወመ፤ ነርሷ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ልጁም ድርሻውን ያዋጣል፤ አነስተኛ ነው፣ ግን ያዋጣል። እንዲቀር ብንለው ኖሮ ነገሩ ይበላሽ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ማክሰኞ ደብተሩን ሳነብ በልጁ መስመር ላይ እንዲህ የሚል አየሁ፦ «8 ኪሎ ሜትር። እንቅልፍ 5 ሰዓት። ትናንት ራት አልበላሁም። ምት 57።» በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳይሰርዝ። ደብተሩን መለስኩ፤ ማንም ምንም አላለም። ባለሱቁ ብቻ ሁለተኛ እንቁላል ላጠለት። በግንቦት አንድ ክለብ ሞክሮ ሳይያዝ ቀረ። እንደገና ይሞክራል።

ጾም ሲመጣ ደብተሩ ይወፍራል። ረመዳን ላይ የጎረቤቴ ልጅ ከእኛ ጋር በጠዋት አትሮጥም፤ ከማፍጠሪያ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀለል አድርጋ ትሮጥና ወዲያው ውኃዋን ታገኛለች፤ መስመሯን ማታ በመልእክት ትነግረንና እኛ እንሞላላታለን። ዐቢይ ጾም ላይ ደግሞ ጋሼና እኔ እስከ ከሰዓት ስለማንበላ ከባድ ሩጫ አንነካም። እህትማማቾቹ በመጀመሪያው ጾማቸው ሁለት ሳምንት እንደ ወትሮው ሮጠው አንዷ ዳገት ላይ ዞሮባት ተቀመጠች። አሁን የጾም ዓምድ አለን፤ ሰዓቱ ይጻፋል፣ ሩጫው ይቀነሳል፣ ምስር፣ ሽምብራና ተልባ ይጨመራል።

ቤት ውስጥ ይህን ደብተር ልጆቼ ላይ ልሞክረው ብዬ ነበር። ወንዱ ልጄ በመጀመሪያው ቀን «የቤት ሥራ ያመኛል» ብሎ ጻፈ፤ በዚያው ቀረ። ሴቷ ግን አሁን ሲያማት ትነግረኛለች። ባሌም ማታ ማታ «ኮንዲሽን?» ይለኛል፤ እያሾፈ ነው፣ ግን መልሱን ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ዛሬ ጠዋት የእኔ መስመር እንዲህ ይላል፦ «6 ኪሎ ሜትር፣ ቀላል። እንቅልፍ 5 ሰዓት ተኩል፣ የተማሪ ፈተና ሳርም አመሸሁ። ራት ሽሮ። ምት 66። ግራ ቅልጥም ምንም አያመኝም። ቀኝ ጉልበት ከታች ስወርድ ትንሽ።» ሻዬን ጨርሼ ልሄድ ስል ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ እስክሪብቶውን በሲባጎው ጎትተው ከሥሩ «ነገ እንዳትመጪ» ብለው ጻፉ።

ነገ አልሄድም። ማንቂያውን አጥፍቼዋለሁ።