የግሪክ አረቄዎችና የስማቸው ባለቤት

ኡዞ ለአዲስ አበባ ጠጪ እንግዳ መጠጥ አይደለም። ውኃ ሲነካው ለምን እንደ ወተት እንደሚነጣ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ነገሩ ቀላል ነው፤ አኒስ ከሚባለው ቅመም የሚገኘው ዘይት በአልኮል ይሟሟል፣ በውኃ ግን አይሟሟም። ውኃው ሲበዛ ዘይቱ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ መጠጡን ያደፈርሰዋል።

እኔን ግን፣ የሕግ ትምህርት አመል ሆኖብኝ፣ ከመጠጡ ይልቅ የሚስበኝ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ነው። የግሪክ አረቄ ማለት ኡዞ ብቻ አይደለምና። በቴሳሊያና በመቄዶንያ ጺፑሮ አለ፤ በቀርጤስ ደሴት ጺኩዲያ ወይም ራኪ ይሉታል። በኪዮስ ደሴት ከማስቲካ ዛፍ ሙጫ፣ በናክሶስ ደግሞ ከትርንጎ ቅጠል ጣፋጭ መጠጥ ይሠራል።

ጺፑሮና ጺኩዲያ የድሃ ገበሬ ብልሃት ናቸው። ወይኑ ተጨምቆ ሲያልቅ የተረፈው ልጣጭና ፍሬ አይጣልም፤ ሲብላላ ይሰነብትና በመዳብ ጋን ተጥዶ አረቄ ይወጣበታል። ጺፑሮ ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ዳግም አረቄ ሁለቴ ይወጣል፤ የቀርጤሱ ግን አንዴ ብቻ። በቀርጤስ በጥቅምትና በኅዳር ጎረቤት በጋኑ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ድንች በረመጥ ይጠበሳል፣ ሥጋ ይቀርባል፣ ትኩሱ አረቄ ይቀመሳል። ሥራውም ድግሱም አንድ ነው።

ሕጉ ወደዚህ ድግስ የገባው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣ ሕግ ገበሬዎች በወይን ወቅት ለተወሰነ ጊዜ አረቄ እንዲያወጡ ፈቀደ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ አጭር በመሆኑ «የሁለት ቀን አውጪዎች» ተባሉ። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ጺፑሮን በጠርሙስ አሽገው እንዲሸጡ የተፈቀደው ግን በ1988 ነው። በ1989 ደግሞ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ለእነዚህ ስሞች ጥበቃ ሰጠ። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ኡዞ የሚለውን ስም መጠቀም የሚችሉት ግሪክና ቆጵሮስ ብቻ ናቸው።

ስም ማስጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ቀረጥ ሌላ ነው። የ1992ቱ የአውሮፓ መመሪያ ግሪክ ለኡዞ የ50 በመቶ የኤክሳይዝ ታክስ ቅናሽ እንድታደርግ ፈቅዷል። ግሪክ ያንኑ ቅናሽ ለጺፑሮና ለጺኩዲያ ሰጠች፤ ለሁለት ቀን አውጪዎች ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ቀረጥ ጣለች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2019 ይህ ሕግ መጣስ ነው ሲል ፈረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ልዩ ፈቃድ የሚተረጎመው በጠባቡ ነው፣ በመመሪያው የተጠቀሰውም የአኒስ መጠጥ እንጂ ጺፑሮ አይደለም።

እንደ ሕግ ሰው ፍርዱ ጉድለት አለው አልልም። ይሁን እንጂ ጠርሙስ የሚያሽግ ፋብሪካና በዓመት ሁለት ቀን ጋን የሚጥድ ገበሬ በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ ማን እንደሚቀልል አያጠያይቅም። ስሙን ያቆዩት ፋብሪካዎቹ አይደሉም። የጺፑሮ ስም ተጠብቆ አውጪው ከጠፋ፣ የቀረው ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ ብቻ ነው። በአርሲ ነገሌ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታስተምር እናት ይህን ክርክር ብትሰማ፣ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋት አይመስለኝም።