«ባይ» እና «ቱ» በእንግሊዝኛ የዋጋ ደብዳቤ

ከውጭ አገር ጋር የሚነግዱ አስመጪዎችና ላኪዎች ከደንበኞቻቸው ጋር የሚጻጻፉት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ከቁጥሩ አስቀድማ የምትገባ አንዲት ትንሽ ቃል ትርፉን ወደ ኪሳራ ልትለውጠው ትችላለች። ከእነዚህ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት «ባይ» እና «ቱ» ናቸው።

«ባይ» የለውጡን መጠን ይናገራል፤ «ቱ» ግን ዋጋው በመጨረሻ የደረሰበትን ያመለክታል። ለምሳሌ 1,000 ብር ያወጣ የነበረ ዕቃ «ሪዲዩስድ ባይ 60 ፐርሰንት» ተብሎ ቢጻፍ፣ 600 ብር ተቀንሶ የሚከፈለው 400 ብር ነው። «ሪዲዩስድ ቱ 60 ፐርሰንት ኦፍ ዘ ፎርመር ፕራይስ» ቢባል ግን የሚከፈለው 600 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በአንዱ ዕቃ 200 ብር ነው፤ የታዘዘው 500 ዕቃ እንደ ሆነ 100,000 ብር ይደርሳል። ገዢው ደብዳቤውን ይዞ ቢከራከር ሻጩ የሚመልሰው አያገኝም።

የስሕተቱ አንዱ ምክንያት ደብዳቤው በአማርኛ ታስቦ በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው። በአማርኛ «በ60 ብር ሸጠ» ሲባል ዋጋውን፣ «በ60 ብር ጨመረ» ሲባል ጭማሪውን ያስረዳል። እንግሊዝኛው ግን ለፊተኛው «አት»፣ ለኋለኛው «ባይ» ይላል። እንደዚሁም «ወደ 60 ኩንታል ገባ» የሚለው አነጋገር ግምት ነው። የእንግሊዝኛው «ቱ» ይህ የግምት ትርጉም የለውም፤ ግምት ሲሆን «አባውት» ተብሎ መጻፍ ይገባዋል።

በታክስ ነገር ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2020 የተጨማሪ እሴት ታክስን ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 15 ከፍ አድርጓል። ይህን «ኢንክሪስድ ባይ 10 ፐርሰንት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የ5ን ዐሥረኛ እጅ ብቻ ጨምሮ ታክሱን ከመቶ 5.5 አደረገው ማለት ነው። በዚህ ስሌት 10,000 ሪያል ለሚያወጣ ዕቃ የሚታሰበው ታክስ 550 ሪያል ይሆናል፤ በእውነቱ የሚከፈለው ግን 1,500 ሪያል ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ «ባይ 10 ፐርሰንቴጅ ፖይንትስ» ወይም «ፍሮም 5 ፐርሰንት ቱ 15 ፐርሰንት» የሚለው ነው። ታክሱ ሦስት እጥፍ ስለ ሆነ፣ ጭማሪው በፐርሰንት ሲቆጠር 200 ይሆናል እንጂ 10 አይሆንም።

እንግዲህ ነጋዴው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የቀድሞው ዋጋ፣ የለውጡ መጠንና አዲሱ ዋጋ ሦስቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር መገኘታቸውን ይመልከት፤ ይኸውም «ፍሮም 1,000 ብር፣ ባይ 60 ፐርሰንት፣ ቱ 400 ብር» እንደ ማለት ነው። እንዲህ የተጻፈ እንደ ሆነ ከቃላቱ አንዱ እንኳ ቢሳሳት ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ።