ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ምርጫቸው ይጸጸታሉን?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ተነግሮ ተማሪዎች የሚፈልጓቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በተርታ እየጻፉ በሚያስገቡበት ሰሞን፣ ለፈተና የተቀመጠ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። አባት የሚያውቀውን ከተማ ይጠራል፤ እናት የምትፈራውን መንገድ ታነሣለች፤ አጎት «ስም ያለው ይሻላል» ይላል፤ ልጁ ደግሞ ጓደኛው የጻፈውን ለመጻፍ ይጣደፋል። በዚሁ ሰሞን አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ከምሳ በኋላ ወደ ጠረጴዛችን ቀረበና፣ ታናሽ እኅቱ ምርጫዋን ለማስገባት ሦስት ቀን ብቻ እንደ ቀራት ነግሮን እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «እኔ በተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ ድረስ እጸጸታለሁ። እርሷ እንደ እኔ እንዳትሆን የትኛውን አንደኛ አድርጋ ትጻፍ?»

እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት «ለመሆኑ የሚያጸጽትህ ምኑ ነው?» ብለን ጠየቅነው። የከተማውን ሙቀት፣ ከቤተሰቡ የሁለት ቀን መንገድ መራቁን፣ ሥራ ሲፈልግ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሰምቶ የተደነቀ ቀጣሪ አለማጋጠሙን ቈጠረልን። ከዚያም ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፣ «እውነቱን ለመናገር እኔ የፈለግሁት ሕግ ነበር፤ የደረሰኝ ግን ምሕንድስና ነው» አለ። ሙቀቱና መንገዱ ካለፉ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ እስከ ዛሬ ያልለቀቀው ይህ የመጨረሻው ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ወደድን።

በቋንቋችን ጸጸትና ቁጭት ሁለት ናቸው። ሰው የሚጸጸተው በገዛ እጁ ባደረገው ነገር ነው፤ የሚቆጨው ግን ባመለጠው ወይም በተነፈገው ነገር ነው። በአገራችን አብዛኛው ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በምደባ ነው፤ እርሱ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ ውጤቱንና የየዩኒቨርሲቲውን የመቀበል አቅም እያየ ይመድበዋል። እንግዲህ አምስተኛ አድርጎ የጻፈው የደረሰው ልጅ ሊቆጨው ይችላል እንጂ ጸጸት ሊባልበት አይገባም። ይህን መለየት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጸጸት ያደረግነውን እንድናርም ያስተምረናል፤ ቁጭት ግን ወደ ሥራ ካልተለወጠ ባለቤቱን እያደር ይበላዋል።

በጥንቱ የአብነት ትምህርት ዘመን ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ የሚወጣው ተማሪ፣ አገር የሚመርጠው በትምህርቱ ነበር። ቅኔ የሚሻው ወደ ዋሸራ፣ ድጓ የሚሻው ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻው ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የሚሻው ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመርም ነገሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ በኋላ እርሻ የሚማረው ወደ አለማያ፣ የጤና መኰንን ለመሆን የሚሻው በ1947 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው የጎንደር ኮሌጅ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ሙያ የሚፈልገው በ1955 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ይሄድ ነበር። ቦታውን መምረጥ ማለት ሙያውን መምረጥ ማለት ነበር።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 ይበልጣሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአባቱ ዘመን ከወረዳው አንድ ልጅ እንኳ ኮሌጅ ያልገባለት ገበሬ ዛሬ የሁለትና የሦስት ተማሪ አባት ሆኗል። ነገር ግን አንድ ዓይነት የትምህርት ክፍል በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚገኝ፣ ተማሪው የሚያወዳድረው ትምህርቱን መሆኑ ቀርቶ ከተማውን ሆነ። የአየሩ ጠባይ፣ የመንገዱ ርቀት፣ የግቢው ስም የምርጫው መለኪያ ሆኑ።

ከእነዚህ መለኪያዎች ውስጥ የማይናቁ አሉ። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ያንን ያየ ወላጅ ስለ መንገድና ስለ ሰላም ቢጠይቅ ፈሪ ሊባል አይገባውም። ሕመም ያለበት ልጅ ሐኪም ቤት የሚቀርብበትን ቢመርጥ፣ የድኻ ልጅ የመሳፈሪያውን ዋጋ ቢያሰላ ማስተዋል ነው። የምንነቅፈው ስምን ብቻ ይዞ መሮጥን ነው።

ስለ ስም ከተነሣ ዘንድ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ አሜሪካውያን ያወጡትን ጥናት መጥቀስ ይጠቅማል። እነዚህ ሊቃውንት ተቀራራቢ ችሎታ ኖሯቸው በተመሳሳይ ኮሌጆች ተቀባይነት ያገኙ፣ ነገር ግን ገሚሶቹ ስመ ጥር ወደሆነው፣ ገሚሶቹ ወደ ሌላው የሄዱ ተማሪዎችን ኋላ ያገኙትን ገቢ አወዳደሩ፤ በጠቅላላው ሲታይ ጕልህ ልዩነት አላገኙም። ነገር ግን ከድኻ ቤተሰብ የመጡት ተማሪዎች ስመ ጥር ከሆነው ትምህርት ቤት የበለጠ ጥቅም አግኝተው ነበር። አሜሪካ ሌላ፣ የእኛ አገር ሌላ መሆኑን አንዘነጋም፤ ሆኖም ሁለቱም ወገን ያስተምረናል። የሚያውቀው ዘመድ ለሌለው የገበሬ ልጅ ጥሩ ግቢ በር ይከፍትለታል፤ ለሌላው ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው፣ የዩኒቨርሲቲው ስም የተማሪውን ችሎታ አይተካለትም።

በዚያው በአሜሪካ ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች ከመቶ 28ቱ ሌላ ተቋም፣ ከመቶ 36ቱ ደግሞ ሌላ የትምህርት ዓይነት በመረጥን ነበር ብለዋል። በትምህርት ዓይነቱ የሚጸጸተው ይበልጣል ማለት ነው። የባልደረባችንም ነገር ይኸው ነው። እርሱ ዩኒቨርሲቲ የገባው ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ወደ ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ በተወሰነበት ዘመን ነው። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋት ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ሌላ ቦታ የነበረ ወጣትም በዚያው ቍጥር ውስጥ ገባ።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ሲረዝም ባልደረባችን ሌላ ነገር አስታወሰ። በአንድ መኝታ ቤት አብሮት ያደረ፣ እንደ እርሱ ሳይፈልግ ምሕንድስና የደረሰው ልጅ ነበር። ያ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የአካባቢውን ቋንቋ ከገበያተኞች ለመደ፤ መምህራኑን በቢሯቸው እየሄደ ጠየቀ፤ በዕረፍት ቀን ድልድይ ወደሚሠራበት ቦታ እየሄደ ተመለከተ። «እኔ ግን» አለ ባልደረባችን፣ «አምስት ዓመት ሙሉ በቤተ መጻሕፍቱ በር እያለፍሁ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ አዲስ አበባ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ኖርሁ።» የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ያለው ነው። ምደባው የሁለቱም አንድ ነበር፤ አምስቱ ዓመት ግን የየራሳቸው ነበር። በዚህ ጊዜ ጸጸቱ እውነተኛ ቦታውን ያገኘ መሰለን።

ዛሬ ገና በግቢ ውስጥ ላለው ተማሪ ነገሩ ከዚያ ጊዜ የሰፋ ዕድል አለው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ፣ ብዙው ተማሪ የትምህርት ክፍሉን የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ በሚያገኘው ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲው በምደባ የመጣ ቢሆንም፣ የትምህርት ክፍሉ ምርጫ በአብዛኛው በገዛ ጥረቱ የሚወሰን ነው። በቁጭት ያሳለፋቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለተኛውንም ምርጫ ሊያሳጡት ይችላሉ። እንዲሁም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና፣ አንድ ሙያ የተማሩ ሁሉ ከየትም ግቢ ቢመጡ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ፈተናው የግቢውን ስም አይጠይቅም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው ማለታችን ግን አይደለም። ቤተ ሙከራው ባዶ የሆነ፣ መምህር የጐደለው የትምህርት ክፍል ካለ፣ ጕድለቱን በተማሪው ትጋት መሸፈን አይገባም፤ ኃላፊነቱ የሚያስተዳድሩት ነው። ወጣት ሹማምንት የሆኑ አንባቢዎቻችንም ስለ ተማሩበት ግቢ ከመቆጨት ይልቅ፣ በእጃቸው ባለው ሥልጣን ለሚከተሏቸው ተማሪዎች እንዲሻል ቢያደርጉ ቁጭታቸው ፍሬ ያፈራል።

ባልደረባችን በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ስም ግን አልጠየቀንም። ለእኅቱ ሊልክላት በቍራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጽፎ አሳየን፦ ልትማሪው የምትወጂው ምንድን ነው? እርሱ በደንብ የሚሰጠው የት ነው ብለሽ ከዚያ የተማረ ሰው ጠይቀሻልን? አንደኛ ያደረግሽው ባይደርስሽ፣ በደረሰሽ ቦታ በመጀመሪያው ወር ምን ታደርጊያለሽ?

እኛም ወረቀቱን አንብበን መለስንለት። ሦስተኛውን ጥያቄ ለእርሱም እንዲያስቀረው ነገርነው፤ ምክንያቱም ዛሬ በሚሠራበት ክፍል በየቀኑ የሚያገላብጠው የመንገድ ሥራ ውል ነው፤ ምሕንድስናውን ያውቃል፤ ሕጉን ደግሞ በማታ ትምህርት ለመማር አልረፈደበትም። ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አጠፈና ከመሄዱ በፊት ሌላ ቍራጭ ወረቀት ለመነን።