የማይጠፋው ኮምፒውተር፦ የቃሊቲ ሂሳብ ክፍሎች ሰርቨርና ፒችትሪ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ፣ ከዚያም አቃቂን አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ጋራዥና የጭነት መኪና ማቆሚያ ነው። አላፊ አግዳሚው የሚያየው የብረታ ብረቱን ክምርና ተራውን የሚጠብቀውን ተሳቢ ነው። የየግቢው ገቢና ወጪ፣ ዱቤና ዕዳ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ግን የሚያድረው ሂሳብ ክፍል ውስጥ፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሠራተኛው «ሰርቨሩ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር ተሸጉጦ አቧራ ይጠጣል። ለኔ ግን ከግቢው ማሽኖች ሁሉ ቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው እሱ ነው፤ የተሰበረ ማሽን ይጠገናል ወይም ይገዛል፣ የጠፋ የ5 ዓመት ሂሳብ ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለም።

ሰርቨር ማለት የተለየ ዓይነት ዕቃ መሆን የለበትም። መረጃውን አንድ ቦታ ይዞ ለሌሎቹ የሚያቀርብ ኮምፒውተር ሁሉ ሰርቨር ነው። ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ስትቆርጥ፣ የሽያጭ ሠራተኛው ዱቤ ሲመዘግብ፣ የንብረት ክፍሉ ዕቃ ሲያወጣ፣ ሦስቱም የሚጽፉት በዚያው በአንዱ መዝገብ ላይ ነው። በአካባቢው መካከለኛ ድርጅቶች ይህን መዝገብ የሚይዘው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ፒችትሪ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ማስታወቂያ ካያችሁ «ፒችትሪ የሚችል» የሚለውን አታጡትም። ፕሮግራሙ የተወለደው በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ ሲሆን፣ ስሙም የከተማዋ ዋና ጎዳና ስም ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያወጣ አብረው ከቀረቡት የሥራ ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለቤቱ ሴጅ «ሴጅ 50» ብሎ ሰይሞታል፤ እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው።

ይህ የአሜሪካ ፕሮግራም የኛን ዘመን አቆጣጠር እንዴት ቻለው? ፒችትሪ የበጀት ዓመቱን እስከ 13 ፔሬድ እንድትከፍሉት ይፈቅዳል፤ የየፔሬዱን መነሻና መድረሻ ቀን የምትሰጡትም እናንተ ናችሁ። ይህ ለኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። አንዳንድ የአሜሪካ ድርጅቶች ዓመቱን በአራት አራት ሳምንት ቆርጠው 13 ቦታ ስለሚከፍሉት የተተወ ክፍተት ነው። የኛ የሂሳብ ባለሙያዎች ግን በዚያ ክፍተት የኛን ወሮች አስገቡበት። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሐምሌ 1 ደግሞ ምንጊዜም ጁላይ 8 ነው። ነሐሴ ኦገስት 7፣ ጥቅምት ኦክቶበር 11፣ ጥር ጃንዋሪ 9 ላይ ይገባሉ። መጠንቀቅ የሚያሻው ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ነው። ያኔ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውልና እስከ የካቲት ድረስ ያሉት ወሮች መነሻ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው። ያለፈውን ዓመት ቀኖች ገልብጦ መለጠፍ እንዲህ ባለው ዓመት አንድ ቀን የሚያህል ሽያጭ በሌላ ወር የቫት ሪፖርት ውስጥ ይከታል።

ጳጉሜን ለብቻዋ ፔሬድ እንስጣት ወይስ ከነሐሴ ጋር እናዋህዳት? ሁለቱንም የሚያደርግ አለ። እኔ ማዋሃዱን እመርጣለሁ። ደመወዝ የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው፤ የቤት ኪራዩና የዕቃው እርጅና የሚሰላውም ለ12 ተካፍሎ ነው። ባለ 5 ቀን ፔሬድ ውስጥ ሽያጭ ኖሮ ደመወዝ ሳይኖር ሲቀር፣ ሥራ አስኪያጁ የማይጨበጥ ትርፍ ያያል። ብቻ ውሳኔው ድርጅቱ ፕሮግራሙ ላይ በሚከፈትበት ቀን ይወሰን፤ ሥራ ከተጀመረ በኋላ መቀየሩ አስቸጋሪ ነው።

ኤክሴል ከፒችትሪ ይልቅ በቀን ጉዳይ ያስቸግራል። የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ አለማወቁን ደግሞ አይናገርም። ኮምፒውተሩ እንደ አሜሪካ ወርን አስቀድሞ እንዲያነብ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ለማለት 10/6/2017 ብትጽፉ ኦክቶበር 6 አድርጎ ይቀበላችኋል። የካቲት 30ን 30/6/2017 ብላችሁ ስትጽፉ ግን 30ኛ ወር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያልፈዋል። ጳጉሜ 5 ሜይ 13 ሆና ታርፋለች። ከዚያ ዝርዝሩን በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ስትሉት ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። የቀኑን ዓምድ ገና ባዶ ሳለ «ቴክስት» አድርጉት፣ ከዚያ ዓመቱን አስቀድማችሁ 2017-06-10 ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ከሆነ ጳጉሜም ከነሐሴ ቀጥላ በቦታዋ ትገኛለች።

የስም ነገርም አለ። ፒችትሪ ላይ የደንበኛ ስም የሚገባው በላቲን ፊደል ስለሆነ አንዱ ኃይሉ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ደንበኛ ይሆናል፤ ዱቤውም ሦስት ቦታ ይበተናል። የደንበኛውን መለያ ከስሙ ሳይሆን ከባለ 10 አኃዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አድርጉት። የአማርኛ ደብዳቤዎችን በተመለከተ፣ በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ፋይሎች ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ነው የሚከፈቱት። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፊደል ይዞ ይመጣል። አዲሱ ደብዳቤ ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ።

ደመወዝን በኤክሴል የምትሠሩ ደግሞ ቀመሩን አሁኑኑ ተመልከቱት። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አንሥቶታል፤ 35 በመቶ የሚጀምረውም ከ14,000 ብር በላይ ነው። 12,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ግብሩ 2,250 ብር ነው፦ 12,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስ። የእናንተ ፋይል ሌላ ቁጥር ከሰጠ የድሮው ቀመር የሆነ ረድፍ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። መጣኔዎቹን በየረድፉ ቀመር ውስጥ ከመቅበር በአንድ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ አስቀምጦ ሁሉም ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ይሻላል፤ ሕጉ ሲቀየር የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ መብራት። ከባድ ሞተርና ብየዳ በሚበዛበት አካባቢ ኃይሉ ባይጠፋም ይዋዥቃል። ፒችትሪ መዝገቡን የሚይዘው በብዙ ፋይሎች ከፋፍሎ ነው፤ የደረሰኙ ራስጌ በአንዱ፣ ዝርዝሩ በሌላው ይጻፋል። መብራቱ በሁለቱ መካከል ከሄደ አንዱ ተጽፎ ሌላው ይቀራል፣ ሂሳቡም አይመጣጠንም። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ይደረጋል። ብዙዎች የሚረሱት ግን ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ስዊች ነው። ሰርቨሩ በዩፒኤስ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ምዝገባው መንገድ መሀል ይቋረጣል፤ ጉዳቱ ያው ነው። ስዊቹንም የገንዘብ ያዧን ኮምፒውተርም በዩፒኤስ ላይ አድርጉ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ይበቃል።

ባክአፕ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ፣ ሁሉም ከፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ ይወሰድ። ሰው እየሠራበት ፎልደሩን ገልብጦ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ባክአፕ አይባልም፤ የተቀዳው ጎደሎ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቅጂ ከዚያው ሕንፃ ውጭ ይደር። በወር አንዴም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርጉና የወሩን ሚዛን አወዳድሩ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ላይ መተማመን አይቻልም።

ሰርቨሩ የሚሠራበት ዊንዶውስም ዕድሜ አለው። የዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የደኅንነት ማስተካከያ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ የሰርቨር 2016 ደግሞ ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተስፋፋው ማስተካከያው ከወጣ በኋላ ባልታደሱ ኮምፒውተሮች ላይ ነበር። ፈቃድ የሌለው፣ የተሰበረ ኮፒ የጫነ ድርጅት ማደስን ስለሚፈራ ለእንዲህ ያለው ጥቃት በሩን ከፍቶ ነው የሚኖረው። ፈቃድ መግዛት ለከበደው እንደ ኦዱ ያሉ፣ መሠረታዊ ቅጂያቸው በነፃ የሚገኝ፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለኛ ደመወዝና ግብር ግን ማስተካከል የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል።

ሐምሌ ሲመጣ ያለፈውን ዓመት ለመዝጋት አትቸኩሉ። ፒችትሪ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ክፍት አድርጎ ይይዛል። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ጊዜ ስላለው፣ የሐምሌን ሽያጭ በአዲሱ ዓመት እየመዘገባችሁ ኦዲተሩ የሚያመጣውን ማስተካከያ በአሮጌው ላይ መሥራት ትችላላችሁ። የተዘጋን ዓመት መልሶ መክፈት የሚቻለው ከመዘጋቱ በፊት የተወሰደውን ባክአፕ በመመለስ ነው፤ ያኔ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ እንደገና ይገባል። ኦዲቱ ተፈርሞ፣ ሁለት ቅጂ ተወስዶ፣ አንዱ ከግቢው ከወጣ በኋላ ዓመቱ ይዘጋ።