ሦስት ስም የነበራቸው አባት

በገዳማችን የመዝገብ ክፍል ውስጥ አንዲት ፎቶግራፍ አለች። አራት ወጣት ወታደሮች ከመርከብ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በጀርባዋ በእርሳስ «ፑሳን፣ 1943» ተብሎ ተጽፏል። በ1992 ዓ.ም. ካረፉት አንድ አረጋዊ አባታችን ሳጥን ውስጥ፣ ከዳዊታቸውና ከመቁጠሪያቸው ጋር የተገኘች ናት። ከአራቱ አንዱ እርሳቸው እንደሆኑ በግንባራቸው ጠባሳ አወቅን። ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ግን የሚነግረን አልነበረምና ፎቶግራፏን በፖስታ አድርገን አስቀመጥናት፤ ከሃያ ዓመት በላይም በዚያው ቆየች።

እኒህ አባት በዴር ሡልጣን ብዙ ዘመን አገልግለዋል። ደወል ሳይደወል ይነሡ ነበር፤ ብርድ ልብሳቸውን ማዕዘኑ እስኪታይ አጥፈው ያነጥፉ ነበር፤ እስከ እርጅናቸው ድረስ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር። እኛ ወጣቶቹ ከበስተኋላቸው «ወታደሩ አባ» እንላቸው ነበር። ቀልድ አድርገነው እንጂ እውነት ይሆናል ብለን አልጠየቅንም። በ1984 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ታላቅ በረዶ በወረደ ጊዜ ሁላችን እየተደነቅን ስንወጣ፣ እርሳቸው ከበሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም «ይህን አውቀዋለሁ» ብለው ወደ ጎጆአቸው ገቡ። ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በረዶን ከየት ያውቀዋል ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም። ይህን የምንጽፈው ጥፋቱ የራሳችን ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት በሰሙነ ሕማማት ከአዲስ አበባ ከመጡት ተሳላሚዎች መካከል አንዲት እናት የአንድ ሰው ስም በወረቀት ጽፈው ወደ መዝገብ ክፍላችን መጡ። አባታቸው ከመሞታቸው በፊት «ጓደኛዬ ኢየሩሳሌም መንኗል፤ ከተሳካልሽ መቃብሩን ተሳለሚልኝ» ብለዋቸው ነበር። መዝገባችንን አገላበጥን፤ በዚያ ስም የተመዘገበ መነኩሴ የለም። አዝነው ሊሄዱ ሲነሡ ከቦርሳቸው አንዲት ፎቶግራፍ አውጥተው አሳዩን። እኛ ዘንድ ያለችው ራሷ ናት! ጓደኛሞቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ ወስደው ኖሯል። የእርሳቸው ቅጂ ግን በጀርባዋ የአራቱን ስም ከቀኝ ወደ ግራ በቅደም ተከተል ይዛለች፤ በአንደኛው ስም ግርጌም «መነነ» የሚል ቃል ተጨምሯል።

አራቱም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ነበሩ። ለወጣት አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ጥሪ ተቀብላ ወደ ኮሪያ ጦር በላከች ጊዜ የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሣ። ዘማቾቹ በአብዛኛው ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ሲሆኑ፣ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያም በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ፑሳን ወደብ ደረሱ። ቃኘው የሚለው ስም የራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ነው። ሻለቃዎቹ እየተተካኩ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። በጦርነቱ የዘመቱት ከ3,000 በላይ ነበሩ፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይም ቆስለዋል። በጠላት እጅ የተማረከ አንድም ሰው አለመኖሩን ዘማቾቹ እስከ ዛሬ በኩራት ያነሣሉ። የተኩስ አቁሙ ስምምነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተፈረመ። የሞቱትም አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ስለ ተመለሰ፣ ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም።

ከፎቶግራፏ አራት ሰዎች አንዱ በኮሪያ ወደቀ። ሦስቱ በሰላም ተመለሱ። ነገር ግን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ በአዲስ አበባ ውስጥ የአገር ልጅ ከአገር ልጅ ጋር በተታኰሰ ጊዜ ሁለተኛው ሞተ። በባዕድ አገር ከመድፍ የተረፈው በገዛ ከተማው ቀረ። የእኛ አባት በዚያ ጊዜ ታስረው ከቆዩ በኋላ ሲፈቱ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ገዳም ገቡ፤ ከዚያም ወደ ቅድስት ሀገር ተሻገሩ። እኒያ እናት ይህን ሲነግሩን፣ አባታችን ስለ ወታደርነታቸው አንድም ቃል ያልተነፈሱበት ምክንያት በመጠኑ ተገለጠልን።

አራተኛው፣ የእኒያ እናት አባት፣ ቤተሰብ መሥርተው ኖሩ። ነገር ግን ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በንጉሡ ዘመን ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት የሚያስፈራ ነገር ሆነ፤ አዲሱ መንግሥት ወዳጅነቱ ከሰሜኖቹ ጋር ነበርና። ሜዳሊያቸውን በሌሊት ወስደው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ፎቶግራፏን ግን መጣል አልሆነላቸውም፤ በጤፍ ጎተራ ውስጥ ቀበሯት። ልጃቸው «እኛ ልጆቹ አባታችን ዘማች መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ጥቂት ጥቂት እያለ ይነግረን ነበር እንጂ ጠቅልሎ አልነገረንም» አሉን። የአራቱን ስም ከፎቶግራፏ ጀርባ የጻፉት ዓይናቸው መድከም ሲጀምር፣ ልጃቸው አጥብቀው ስለ ለመኗቸው ነበር። ያ ልመና ባይኖር ኖሮ እኛም ዛሬ የምንጽፈው ነገር ባልነበረን።

እኒያ እናት ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዘማቾች ማኅበር በኩል ጠይቀው የአባታችንን የወንድም ልጅ አገኙ። እርሱም በስልክ አነጋገረን። ቤተሰቡ አባታችንን ለዓመታት ፈልጎ አጥቷቸው ነበር። እንዴት ይገኙ? በጦር መዝገብ የተጻፉት ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም ነው። በገዳማችን መዝገብ የተጻፉት በምንኵስና ስማቸው ነው። በጸሎት መጽሐፋችን የሚታወሱት ደግሞ በክርስትና ስማቸው ነው። ሦስቱ ስሞች በሦስት መጻሕፍት ተለያይተው ሲኖሩ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ አልነበረም።

እኛም በፎቶግራፍ ብቻ ሰው እንዳንሳሳት ፈርተን የወንድማቸውን ልጅ «የአያትህን የክርስትና ስም ታውቃለህን?» ብለን ጠየቅነው። አያቱ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ዝክር ሲያዘክሩ የሚጠሩበት ነውና ያለ ማመንታት ነገረን። የጸሎት መጽሐፋችንን ገለጥን። ያ ስም በአባታችን በራሳቸው የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ አገኘነው። እናታቸውን በየዓመቱ ያሳስቡ ኖሯል፤ እኛም የማን እናት እንደሆኑ ሳናውቅ ስማቸውን ስንጠራ ኖረናል። የወንድማቸው ልጅ ይህን ሲሰማ ድምፁ ተቋርጦ ቆየ። ኋላ እንዲህ አለን፦ «አያቴም በዝክሩ ቀን ለካህኑ ስሙን እየሰጠች፣ ‹በሕይወት ካለ ለጤናው፣ ከሞተ ለነፍሱ ጸልዩልኝ› ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ አላቋረጠችም።»

ልጁ ከኢየሩሳሌም፣ እናቱ ከአገር ቤት ሆነው አንዱ ስለ ሌላው ሲለምኑ ኖሩ። በሥጋ ሳይተያዩ አለፉ።

ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ካሻገረ በኋላ ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ እንዳቆመ በመጽሐፍ እናነባለን። ያቆመበትም ምክንያት ልጆች ወደ ፊት «ይህ ድንጋይ ምንድር ነው?» ብለው ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው። በጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ የምትወርዱ ተሳላሚዎች ይህን በዚያ ስፍራ ታስታውሱታላችሁ። ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም፤ ልጁ መጠየቅ፣ አባቱም መመለስ አለበት። እኛ ድንጋዩ በቤታችን ቆሞ ሳለ አልጠየቅንም።

ከቃኘው ዘማቾች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከዘጠና አልፏል። በኮሪያ በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቶላቸዋል። በአዲስ አበባም በአፍንጮ በር ሐውልት አላቸው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ሐውልት የአንድን ሰው የክርስትና ስም አይነግረንም፤ ያን የሚያውቁ ቤተሰቦቹ ብቻ ናቸው። ይህም ለኮሪያ ዘማቾች ብቻ አይደለም። በማንኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ግንባር ለተሰለፈ አባት፣ ወንድምና እኅት ሁሉ ነው። ወታደሩ የቆመበትን ወገን ታሪክ ይመርምረው፤ ነፍሱን ማሰብ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡራን ተሳላሚዎች፣ ወደ ቅድስት ሀገር ስትመጡ እንድትሰናዱበት የምንለምናችሁ ይህን ነው። የዘማች ቤተሰባችሁን ስም ስታመጡ ሦስቱንም ስም አምጡ፦ የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና፣ መንኵሶ እንደሆነ የምንኵስና ስሙን። የእናቱን የክርስትና ስም ጨምሩበት፤ እኛ አባታችንን በእርግጥ የለየናቸው በእርሱ ነውና። በቤታችሁ ያሉትን ፎቶግራፎች አውጡና ከጀርባቸው የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ፊቱ ያልፋልና አይመከርም። በሕይወት ያለ ዘማች ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁት። ዝም ካለ ደግሞ አታስጨንቁት፤ በሌላ ቀን ተመለሱበት። ያልጠየቀው ሰው ኋላ የሚቆጨው ቁጭት ምን እንደሚመስል እኛ ቀምሰነዋል።

የአባታችን የወንድም ልጅ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው ትንሣኤ ሊሳለም እንደሚመጣ ነግሮናል። በመቃብራቸው ላይ እስከ አሁን የምንኵስና ስማቸው ብቻ ነበር፤ በጸሎተ ፍትሐቱ ዕለት ሦስቱም ስሞች አብረው ይጻፋሉ። በዚያው ዕለት የሦስቱ ጓደኞቻቸውም ስም ይጠራል። የሁለቱን የክርስትና ስም አግኝተናል። በኮሪያ የወደቀው ግን የክርስትና ስሙ እስከ አሁን አልተገኘም፤ እኒያ እናት ቤተሰቡን በመፈለግ ላይ ናቸው። እስኪገኝ ድረስ «ስሙን አንተ የምታውቀው» እያልን እናሳስበዋለን።

ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ አሜን።