ልጄ ከአያቷ ጋር ማውራት ስትጀምር

ልጆቻችሁ ለጉርምስና የደረሱባችሁ ባለትዳሮች፣ አንድ ጥያቄ አስቀድሜ ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ከአያቱ ጋር፣ እናንተ መሃል ገብታችሁ ሳትተረጉሙ፣ አሥር ደቂቃ መጫወት ይችላል? የሚችል ከሆነ ጌታ ይመስገን፤ መጽሔቱን ለጎረቤታችሁ አውሱት። የማይችል ከሆነ ግን እኛ ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ።

የምንኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ብዙም ሳይርቅ ነው። ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ አካባቢ ነው፤ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ስንጋባ ቁጭ ብለን ሳንነጋገርበት የተስማማንበት ነገር ቢኖር የቤታችን ቋንቋ ነው። አማርኛ ሆነ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህራኑ «እቤትም እንግሊዝኛ አናግሯቸው» አሉን፤ እኛም ደስ እያለን ጨመርንበት። የባለቤቴ ኦሮምኛ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ብቻ የሚሰማ ሆኖ ቀረ። ልጆቹም ያን ጊዜ «አባዬ በራሱ ቋንቋ እያወራ ነው» ብለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሱለታል። እኛ ጨዋነት ነበር የመሰለን።

ሳሎኑ ትምህርት ቤት ሲሆን

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ለአሥራ አምስት ቀን ተብሎ የተጀመረው ነገር ክረምቱን አልፎ እስከ 2013 ዘለቀ። ትልቋ ልጃችን አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ዘጠነኛ ክፍል፤ ታናሽ ወንድሟ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ሰባተኛ ክፍል።

እንደ ብዙዎቻችሁ እኛም ትምህርት ቤቱን ወደ ሳሎን አዛወርነው። የጊዜ ሰሌዳ ጽፈን ፍሪጅ ላይ ለጠፍን፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ሂሳብ በአባት፣ እንግሊዝኛ በእናት። በቴሌግራም የሚላከው መልመጃ ነበር፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርትም ነበር። በንፋስ በሚሄድ ስልክ ስም በተጠራ ክፍለ ከተማ እየኖርን፣ በአየር የመጣው ትምህርት ሁሉ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። ቴሌግራሙ ያለበት ስልክ ውስጥ ጌሙም አለ፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ስንደርስ ደግሞ እኔም ባለቤቴም እጅ ሰጠን። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ አኮረፉ፣ እኛም እርስ በርሳችን «አንተ ነህ ያላላኸው»፣ «አንቺ ነሽ ያጠበቅሽው» መባባል ጀመርን። የማታው የቤተሰብ ጸሎት እንኳ ተኮራርፎ የተቀመጠ ሰው ስብሰባ ሆነ።

በዚያው ሰሞን፣ በምዕራብ ወለጋ ለወራት ተቋርጦ የቆየው ስልክ በመጋቢት መጨረሻ ተከፈተ። አማቴ ደወሉ። ልጆቹ «አኮ» ነው የሚሏቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ባለቤቴ ደጅ ስለነበር ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት። «አካም ጅርታ፣ አኮ» አለች፤ ይህን ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የሰማኋት «ቶሌ፣ ቶሌ» ስትል ብቻ ነው፤ እሺ፣ እሺ እንደ ማለት። ፈገግ እያለች፣ መሃል ላይም ሳቅ ብላ። ኋላ አባቷ መጥቶ ስልኩን ሲቀበላት ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። አማቴ ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ታናሽ እህታቸው ማረፋቸውን ነበር የሚነግሯት። ልጄ የአያቷን መርዶ እየሳቀች ሰምታለች።

ያን ቀን ክፍሏን ዘግታ እስከ ማታ አልወጣችም። ስትወጣ እኔን አይደለም ያናገረችው። አባቷ ፊት ቆማ «ለምን አላስተማርከኝም?» አለችው። የሚመልሰው አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም፤ ጥያቄው ለእኔም ነበርና።

አባትና ልጅ አንድ ክፍል

ከዚያ በኋላ የጊዜ ሰሌዳውን ቀደድነው። የትምህርት ቤቱን ትምህርት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ አደረግንና ከሰዓት በኋላውን ትምህርት ቤት ሊሰጣቸው ለማይችለው ነገር ተውነው።

አስቂኙ ነገር ባለቤቴ ኦሮምኛ መናገር እንጂ መጻፍ አይችልም ነበር። እሱ የተማረው በአማርኛ ነው፤ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ እኩል ጀማሪ ሆነው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እሷ ፊደሉን ከእንግሊዝኛ ታውቀዋለች፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። «ኤክስ» ጠ ተብሎ ይነበባል፣ «ሲ» ጨ፣ «ኪው» ቀ። አናባቢ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ሲያጥር አንድ ጊዜ፤ ይህን የዘለለ ሰው ትርጉሙን ያበላሻል። «ለፈ» መሬት ነው፤ ሁለቱም አናባቢዎች ሲረዝሙ «ላፋ» ይሆንና ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ይመጣል። እሷ ፊደሉን ለአባቷ ታሳያለች፣ እሱ ድምፁን ያርምላታል። በየቀኑ የምንጠራው «ላፍቶ» የግራር ዛፍ ስም መሆኑን ያን ሰሞን ነው የሰማነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የታክሲ መጨረሻ ስም ይመስለኝ ነበር።

እኔ ለልጁ የአማርኛ ጽሑፍ ያዝኩለት። ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ ተራው ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ በእንግሊዝኛ የሚያነበው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የአማርኛው ፊደል ያደናቅፈዋል። በየሳምንቱ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጽፍ አደረግኩት። በስልክ የሚነገረውን ለምን እጽፋለሁ ብሎ ተነጫነጨ። እናቴ ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለጎረቤት ሁሉ አስነበበች። ሀና ሐን እንዴት እንዳቀላቀለም በስልክ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ጥንቃቄው ጨመረ።

የሴት ልጄ ሥራ ግን ከዚያ በለጠ። ቅዳሜ ማታ ለአያቷ እየደወለች አንድ ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሽ፣ ወይም አንድ ተረት ትቀበላለች። ድምፁን ትቀዳለች፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ (በዚያን ጊዜ አምልኮውም በቴሌቪዥን ነበር) ከአባቷ ጋር በቁቤ ትገለብጠዋለች። አንዳንዱን ቃል አባቷም አያውቀውም፤ እንደገና ይደወላል። አማቴ መጀመሪያ «የከተማ ልጅ ይሄ ምን ያደርግላታል?» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ስልኩ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ እሳቸው መደወል ጀመሩ።

ባለቤቴ የአስቴር ጋኖን ታሪክ የነገራት ያኔ ነው። ለእናንተም በአጭሩ ላስታውሳችሁ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ስሟ ከሚገባው በታች ይነሳል። አስቴር እ.ኤ.አ. በ1872 ገደማ የተወለደች፣ በባርነት የተሸጠች ልጅ ነበረች። በ1886 በቀይ ባሕር ላይ ባሮች የጫነውን ጀልባ የኢጣሊያ መርከብ ሲይዘው ነፃ ወጣችና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ያን ጊዜ ገና ወጣት ናት፣ እንደ ልጄ። እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ይደክም ነበር። እሱ ግን በሕፃንነቱ ከአገሩ የተነጠቀ በመሆኑ የቋንቋው ጥልቀት ያጥረው ነበር። አስቴር አልረሳችም። 15,000 ያህል ቃላት ሰብስባ ጻፈች። ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶችና አባባሎች በ500 የሚቆጠሩ መዘገበች። በ1894 በእምኩሉ የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከእነዚሁ ብዙዎቹን ይዞ ወጣ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምቴ አስተምራለች።

ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «አስቴር ቤቷን እንኳ ሳታገኝ አስታወሰችው፤ እኔ አያቴ በስልክ እያለች ነው የማላውቀው?»

በእርግጥ ከአንድ በላይ ቋንቋ ያለበት ቤት አዲስ አይደለም። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ፣ እናቱ አይሁዳዊት ነበረች። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ እንዲያውቅ ያደረገው የእናቱና የአያቱ ቤት ነው። እኛ ጥንዶች ግን ለሰላም ብለን፣ ወይም ለቅልጥፍና ብለን፣ አንዱን አያት ከጨዋታው እናስወጣለን። ማን ያስወጣ ማን ይቅር የሚለውን ደግሞ አንነጋገርበትም፤ እኔና ባለቤቴ ለአሥራ ስድስት ዓመት አልተነጋገርንበትም።

ስለ ሥዕሉ

ወንዱ ልጅ ይስላል። ደብተሩ ሁሉ ጠርዙ በሥዕል የተሞላ ነው፤ እኔም ስቆጣው ኖሬያለሁ። እህቱ የጻፈችውን የጅብና የቀበሮ ተረት በሥዕል እንዲሠራላት ስትጠይቀው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ አልነካም። አባቱ «ይሄ እንጀራ ይሆናል?» ማለቱ አልቀረም። ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ነገር ግን ከእኛ ክፍለ ከተማ ብዙም በማይርቀው በኦልድ ኤርፖርት ሰፈር ቪላ አልፋ የተባለ፣ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ቤት አለ። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ፣ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ዝንባሌውን ያዩት መምህራኑ ናቸው ወደ ሥዕል ያደፋፈሩት። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ትልቁን የባለ ቀለም መስታወት ሥራ ያላየ አዲስ አበቤ ካለ ሄዶ ይይ። ልጄ አፈወርቅ ይሆናል ማለቴ አይደለም። በደብተር ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር አንድ ሰው ቢጠይቀው ምን እንደሚሆን ማየቴን ነው የምናገረው።

ልጃችሁ ሙዚቃ ከሆነ የሚወደው፣ እኛ ሰፈር መካኒሳ ላይ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። እቤት ኪቦርድ ያለው ደግሞ ከስልክ ከተማረው ባለ ሰባት ድምፅ ስኬል ወጥቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ብቻ ይሞክር፤ የአያቱ ትዝታ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ለምታስቡ

አንዳንድ ወላጆች ከዚያ ጊዜ በኋላ «ለምን ጭራሽ እቤት አናስተምራቸውም?» ሲሉ እሰማለሁ። ስሜቱ ይገባኛል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠው፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ትምህርት ቤት ላይ የነበረን እምነት ተናግቷል። ይሁን እንጂ ብሔራዊ ፈተናው የወላጅን ቅን ልብ አይቆጥርም። ልጃችሁን ከመዝገብ ከማስወጣታችሁ በፊት በግል ተፈታኝነት እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ፣ የወረዳችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ጠይቁ። ኬሚስትሪውን ማን እንደሚያስተምርም ተነጋገሩ። እኛ አልቻልንም፤ ልጆቻችንን በ2013 መልሰናቸዋል። ጓደኞቻቸውም ናፍቀዋቸው ነበር፤ ይህንንም ዝቅ አድርጌ አላየውም። ቅዳሜ ማታ ግን አልተመለሰም፤ ያው ቅዳሜ ሆኖ ቀጠለ።

አማቴ በ2016 ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ሰነበቱ። ልጄ በዚያን ጊዜ ሦስተኛውን ደብተር ጨርሳለች። የመጀመሪያው ማታ፣ እራት ከበላን በኋላ፣ ባለቤቴ እናቱን እንዲጸልዩ ጠየቃቸው። በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። መሃል ላይ ወንዱ ልጄ «አሜን» ሲል ሰማሁት፤ በልማድ ሳይሆን ገብቶት። ሲያበቁ ባለቤቴ እንደ ልማዱ ሊተረጉምልኝ ወደ እኔ ዞር አለ፤ ልጄ ቀደመችው። እዚያ ሳሎን ውስጥ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ። «ኤክስ»ን ጠ ብሎ ማንበብ እስካሁን ያስቸግረኛል።