ከኩዳይ ወደ ፈረሳን፦ የአንድ የዓሣ ማጥመድ ዕረፍት ዕቅድ

በመካ ኩዳይ ሠፈር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ቡና ከበው የሚቀመጡ አራት ወዳጆች ከሰሞኑ ያልተለመደ ወሬ ይዘዋል። አንዱ ሹፌር ነው፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፤ ሁለቱ በአንድ መጋዘን ይሠራሉ። ወሬያቸው የደመወዝም፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብም አይደለም። ፈቃድ ወስደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በደሴት ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ አስበዋል።

ይህን የሰማ አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል። ዓሣ ለማጥመድ ብሎ ዕረፍት መውጣት የሌሎች አገሮች ልማድ ሆኖ ይታየናልና። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች፣ ለምሳሌ በሉዊስ፣ ለዚሁ ሲል የሚጓዝ ሰው ወራት አስቀድሞ ያቅዳል። የሳልመን ወንዙ ባለቤት ስላለው ፈቃድ ይገዛል፤ መኪናውን የሚያሻግርለት መርከብ ላይ ቦታ ይይዛል፤ እሑድ ቀን ሳልመን ማጥመድ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ቀኖቹን ይቆጥራል፤ ነፋስ መርከቡን ካስቀረበትም ወደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የኩዳዮቹ ወዳጆች ዕቅድ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። እዚህም ፈቃድ አለ፤ መርከብ አለ፤ ነፋስ አለ፤ ዓሣውም የራሱ ቀን አለው።

የመረጡት ፈረሳንን ነው። ፈረሳን በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል፣ ከጂዛን ከተማ ፊት ለፊት የሚገኙ ከ80 በላይ ደሴቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ትልቁ ፈረሳን፣ በድልድይ የሚገናኘው ሳጂድ እና ትንሹ ቁማሕ። ደሴቶቹ ለዘመናት የኖሩት በሉል ንግድና በዓሣ ነበር። ሉሉ ያበለጸጋቸው ነጋዴዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያሠሯቸው በጂብስ ቅርጽ ያጌጡ ቤቶችና የነጅዲ መስጊድ ዛሬም ይጎበኛሉ። በ2021 ዩኔስኮ ደሴቶቹን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስፍሯቸዋል። በሜዳው ላይ የሚሮጠው የፈረሳን ሚዳቋም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማየት እንጂ መንካት የለም።

ዕቅዱን የሚመራው ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጠው ልብስ ሰፊ ነው። በልጅነቱ በወሎ፣ በሐይቅ ዳር፣ በመንጠቆ ቆሮሶ ያወጣ ስለነበር ሌሎቹ «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ» እያሉ ሁሉን ለእሱ ትተዋል። እሱ ግን የሐይቅ ዕውቀቱ ለባሕር እንደማይበቃ አልደበቃቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ የዓርብ ከሰዓት ወደ ሹዐይባ ወሰዳቸው። ሹዐይባ ከጅዳ በስተ ደቡብ ያለ፣ ለመካ ነዋሪ የሚቀርብ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ዛሬ በባሕር ውኃ ማጣሪያና በኃይል ማመንጫው ይታወቃል። (የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ወደ ሐበሻ ለመሻገር መርከብ የያዙት ከዚሁ ከሹዐይባ ነበር። ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው ከዚያ በኋላ፣ በኸሊፋ ዑስማን ዘመን ነው። መንጠቆውን እየጣለ ይህን የሚያስታውስ ሰው ዓሣ ባይዝም ባዶ እጁን አይመለስም።) በዚያ ቀን አራቱም የያዙት ሁለት ትንንሽ ዓሦች ብቻ ቢሆንም ክር መወርወርን፣ ከኮራል ድንጋይ ጋር የተያዘ መንጠቆ ማላቀቅን እና በባዶ እግር ውኃ አለመግባትን ተምረው ተመለሱ።

የመጨረሻውን ትምህርት አደራ የምንለው ለሁሉም አንባቢ ነው። በቀይ ባሕር ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ ዓሣ አለ፤ በጀርባው ላይ ያለው እሾህ መርዛም ነው። የተወጋ ሰው እግሩን ሳይቃጠል በሚችለው መጠን ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከርና ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ ይኖርበታል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ከማንኛውም ዘንግና መንጠቆ አስቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው። ከጅዳ እስከ ጂዛን በባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና፣ በሊስና በቁንፉዛ በኩል፣ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጂዛን ወደብ ፈረሳን የሚደርሰው መርከብ ተሳፋሪንም መኪናንም ያለ ክፍያ ያሻግራል፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ነገር ግን ነጻ ነው ማለት ዝም ብሎ ይገቡበታል ማለት አይደለም። ቦታ አስቀድሞ በመታወቂያ ይያዛል፤ በበዓላት ሰሞን ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ባሕሩ ሲቆጣ ጉዞው ስለሚቋረጥ ከፈቃዱ የመጨረሻ ቀን በፊት አንድ ትርፍ ቀን መተው ብልህነት ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ መገኘት ያለበት ሰው እሑድ ማታ በሚነሣ መርከብ ላይ ተስፋውን አይጥልም።

ከጀልባ ላይ ማጥመድ ሲፈለግ ፈቃድ ያለው ባለ ጀልባ መከራየት ያስፈልጋል። ጀልባው ከመውጣቱ በፊት የተሳፋሪዎቹ ስምና የመታወቂያ ቁጥር በድንበር ጠባቂው ክፍል ይመዘገባል። የዓሣውም ዓይነት መታወቅ አለበት። በጅዳ ሰው እጅግ የሚወደደው ቀዩ ናጂል በመራቢያው ወቅት እንዳይጠመድ ስለሚከለከል፣ የዘመኑን ክልከላ ቀን ከባለ ጀልባው መጠየቅ ተገቢ ነው። ዓሦቹን በስማቸው ለመለየት ወዳጆቻችን አንድ ማለዳ በጅዳ የባንገላ የዓሣ ገበያ ዞረው፣ ናጂሉን ከሐሙር፣ ሸዑሩን ከሐሪድ ለይተው ተመልክተዋል። ዓሣ ሻጮቹ ሳይገዙ ለሚጠይቁ ሰዎች ትዕግሥት አላቸው ለማለት ግን ያስቸግራል።

ሐሪድ የፈረሳን ኩራት ነው። መንቁር የሚመስል አፍ ያለው፣ ከኮራል ላይ አልጌ እየፋቀ የሚበላ ዓሣ ሲሆን፣ አብሮ የሚውጠውን ኮራል ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ አካባቢ፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ፣ እነዚህ ዓሦች በብዛት ተሰብስበው ወደ አል-ሐሲስ ዳርቻ ይቀርባሉ። የደሴቱ ሰዎች መምጣታቸውን በሽታቸው እናውቃለን ይላሉ። መረብ ይዘው ከብበው ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይነዷቸውና፣ ምልክት ሲሰጥ ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት እየሮጠ ገብቶ በእጁ ይይዛል። ይህ የሐሪድ በዓል ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም፤ በጸጥታ ዘንግ ይዞ ሊቀመጥ የሚሻ ግን በሌላ ሳምንት ይሂድ። በጋው በጂዛን በኩል በሙቀትና በአቧራ የከበደ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ከመጋዘን ሠራተኞቹ አንዱ፣ መካ ውስጥ ርግብ እንኳ እንዳይደነግጥ የሚጠነቀቅ ሰው፣ ለደስታ ብሎ ማደን ከብዶት ነበር። ልብስ ሰፊው የመለሰለት በአጭሩ ነው፤ የየብስ አደን የተከለከለበት ኢሕራም ላይ ያለ ሰው እንኳ የባሕር አደን እንደተፈቀደለት በሱረቱል ማኢዳ ተገልጿል። ሆኖም የሚበሉትን ያህል ብቻ ሊያጠምዱ፣ ትንንሾቹንም ሊመልሱ ተስማምተዋል።

ሌላኛው የመጋዘን ሠራተኛ ዝምታው ረዘመ። እሱ ይህን ባሕር አስቀድሞ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ከኦቦክ ተነሥቶ፣ በሌሊት፣ ከአቅሟ በላይ በጫነች ጀልባ ወደ የመን የተሻገረው በዚሁ ባሕር ነበር። ጂዛን ለእሱ የዕረፍት ስም አልነበረም። በኋላ አገሩ ተመልሶ፣ በሥራ ቪዛ በአውሮፕላን መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጅዳ ኮርኒሽ ላይ እንኳ ወደ ውኃው ቀርቦ አያውቅም። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ሰው ጥቂት አይደለምና፣ ዕቅድ የሚያወጡ ወዳጆች ይህንንም ሊያስቡበት ይገባል። በጂዛን መንገድ ላይ የፍተሻ ኬላዎች አሉ፤ የጸና ኢቃማ በእጁ የሌለው ሰው ይህን ጉዞ አይጀምር።

ወዳጆቹ አላባበሉትም፤ አልገፉትምም። «መርከቡ ትልቅ ነው፤ መኪና ተሸክሞ ነው የሚሻገረው» አለው ሹፌሩ። እሱም ለረጅም ጊዜ አስቦ፣ «እመጣለሁ፤ ጀልባ ላይ ግን አልወጣም፤ ከዳር ሆኜ እሳቱን እጠብቅላችኋለሁ» ሲል መለሰ።

ከዚያ ልብስ ሰፊው የሁሉንም ኢቃማ ሰብስቦ ቀናቸውን ተመለከተ። የሹፌሩ ከጉዞው አንድ ሳምንት አስቀድሞ የሚያበቃ ሆኖ ተገኘ። ጉዞው እስኪታደስ ድረስ ወደ ቀጣዩ ወር ተላለፈ።